ከውጤቱ በፊት ስለ እንቅልፉ እንጠይቀው

(በደጋፊዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእናንተ መካከል ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከ አለ። የራሱ ልጅ ገና ትንሽ ቢሆንም የሌላውን ልጅ የሳሙና፣ የደብተርና የመንገድ ገንዘብ በየወሩ የሚችልም አለ። ስለ እህልና ስለ ውኃ በዚህ ስብሰባ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ተማሪው የአእምሮ ጤንነት ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችን የቅንጦት መስሎ ሊታየን ይችላል። «መኝታ ተሰጥቶታል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ መጽሐፉን ይዞ ከመቀመጥ በቀር ምን ሥራ አለበትና ነው የሚጨነቀው?» የሚል ጥያቄ ከአንድም ሁለት ጊዜ ቀርቦልናል። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። እኛ ባደግንበት ዘመን ጭንቀት ማለት እንጀራ ማጣት ነበርና። ሆኖም መልሱን ለማግኘት ልጁ ወደዚያ መኝታና ወደዚያ ምግብ እንዴት እንደ ደረሰ ማየት ያስፈልጋል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች አንሥቶ ነው። በዚያ ዓመት ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆኑ። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። ከወደቁት ጥቂቶቹ በማካካሻ ትምህርት ገብተዋል፤ የሚበዙት ግን ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ስለ ወደቁት ሌላ ጊዜ መነጋገር ይገባናል። ዛሬ ያለፈውን እንመልከት፤ ምክንያቱም ያለፈ ልጅ ይጨነቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ አንድ ልጅ ከደቡብ ወሎ ገጠር አለፈ እንበል። ከክፍሉ እርሱ ብቻ ነው ያለፈው። እናቱ ያሳደገችውን ወጠጤ ሸጣ ሻንጣና ብርድ ልብስ ገዛችለት። አጎቱ ጫማ ሰጠው። ጎረቤት ሁሉ ሊመርቀው መጣ፤ ሲመርቁትም «የሰፈራችን ኩራት» እያሉ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የመደበው ወደ አርባ ምንጭ ነው እንበል። የሁለት ቀን መንገድ ተጉዞ ደረሰ። ዶርም ሲገባ ተደራራቢ አልጋ ላይ የሚተኙ ልጆች ጠበቁት፤ እያንዳንዳቸውም ከየመጡበት ትምህርት ቤት አንደኛ የሚወጡ ነበሩ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «አንደኛ» የሚለው ቃል እንደ ስሙ ሆኖ የኖረ ልጅ በስድስተኛው ሳምንት ፈተና መካከለኛ ውጤት አገኘ። መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲናገር ግማሹ ያመልጠዋል። ጥያቄ ለመጠየቅ እጁን ቢያወጣ በአነጋገሩ የሚስቁበት ይመስለዋል። ስለዚህ ዝም አለ።

ይህ ልጅ አልታመመም። ገና አዲስ ሰው ነው፤ አዲስ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይከፋዋል። ከእንዲህ ዓይነት ልጆች የሚበዙት ጓደኛ ሲያገኙ፣ የግቢውን ሥርዓት ሲለምዱ፣ አንድ ሲኒየር ተማሪ እንዴት እንደሚጠና ሲያሳያቸው ይረጋጋሉ። ይህን በመጀመሪያ የምንናገረው በሐዘን ሁሉ ላይ የበሽታ ስም እንዳንለጥፍ ብለን ነው። ለቤተሰቡ መናፈቅ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ይህ ልጅ የሚሸከመው ሻንጣውን ብቻ እንዳልሆነ እናስተውል። የእናቱ ወጠጤና የአጎቱ ጫማ ከትከሻው አልወረዱም። ቢወድቅ የሚወድቀው ብቻውን አይመስለውም።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቤት ይደወላል። አማርኛችን በሰላምታ የታወቀ ነው። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ጤናህስ፣ ትምህርትስ፣ አገሩስ ተስማማህ ወይ እያልን አሥር ጊዜ እንጠይቃለን። መልሱም አሥር ጊዜ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ይህ መልስ ውሸት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ሐዘን ቤት የተቀመጠ ሰው እንኳ በመጀመሪያ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በሰላምታው መልስ ተደስቶ ስልኩን የሚዘጋ ሰው ልጁን ገና አልጠየቀውም። ከሰላምታው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ውጤትህ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። ልጁ በዚህ ጊዜ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ያፍራል። በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ አይነሣም፤ እኛም «ከተማ ገብቶ ረሳን» እንላለን።

ሌላ ዓይነት ጥያቄ አለ። «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ? ስንት ጊዜ ነቃህ? ዛሬ ምን በላህ? ከማን ጋር በላህ? ዶርም ውስጥ ከምትቀርበው ልጅ ስሙ ማን ይባላል?» እንዲህ ያለው ጥያቄ በ«ደህና ነኝ» አይመለስም። ሦስት ቀን በደንብ ያልተኛ፣ ምሳውን ትቶ በአልጋው ላይ የዋለ፣ የዶርም ጓደኛውን ስም ለመናገር የሚያመነታ ልጅ ያለበትን ሁኔታ ሳያውቀው ይነግረናል። የሚያሳፍር ነገርም አልተጠየቀም። እናቶች ይህን ጥያቄ በተፈጥሮ ያውቁታል፤ «በላህ ወይ?» የምትል እናት ከብዙ አማካሪ ትበልጣለች። እኛ ገንዘብ የምንልክ ሰዎች ግን የውጤት ወረቀት እንወዳለን።

ስለ እንቅልፍ ረዘም አድርገን ብንናገር አትታዘቡን። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወጣት በሌሊት ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። እንቅልፍ የባከነ ጊዜ አይደለም። አእምሮ ቀን የተማረውን መልክ አስይዞ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና አድሮ ጠዋት ፈተና የሚገባ ተማሪ ያጠናውን በቀዳዳ ከረጢት እንዳስቀመጠ ነው። ይህንን ለተማሪዎች ስንነግራቸው ይስቃሉ፤ ምክንያቱም በግቢው ቋንቋ «ቸካይ» ተብሎ የሚደነቀው እስኪነጋ ከላይብረሪ የማይወጣው ነው። ሌላም እውነት አለ። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ከትልልቆቹና ከሕፃናቱ ይልቅ ወደ ሌሊት ያዘነብላል። ወጣቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እንቅልፍ አልመጣ ቢለው ስንፍና አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል መገኘቱ ግን አይቀርለትም።

ዶርም ውስጥ ደግሞ መብራቱን የሚፈልግና ጨለማውን የሚፈልግ አብረው ያድራሉ። አንዱ በስልኩ ፊልም ያያል፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ ይጸልያል። በየዓመቱ መጀመሪያ የዶርሙ ልጆች ተቀምጠው መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ቢስማሙ፣ ማጥናት የሚፈልገውም ወደ ላይብረሪ ቢሄድ፣ ከብዙ ጠብና ከብዙ ሕመም ይድናሉ። ስልክን ከትራስ አርቆ ማስቀመጥም ይረዳል። ምሽት ላይ የሚጠጣ ቡናና ሻይም ለሰዓታት በደም ውስጥ ይቆያልና ከሰዓት በኋላ ቢቀር ይሻላል። ቀን ላይ የሃያ ደቂቃ ሸለብታ መልካም ነው፤ የሦስት ሰዓት እንቅልፍ ግን የሌሊቱን ይሰርቃል።

ጫትን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ስለ ጫት ስንናገር ስለ ኃጢአትና ስለ ጽድቅ ብቻ የምንናገር ከሆነ ተማሪው አይሰማንም፤ ከዶርም ጓደኛው የሰማው «ያነቃል፣ ልብ ይከፍታል» የሚለው ነውና። በእርግጥም ያነቃል። በትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በሥራው ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነው። ነገር ግን ያነቃው ነገር ሲያልፍ የልብ መክበድ፣ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ይተካል። ተማሪው ያንን ለመስበር ወደ አልኮል ይሄዳል፤ ቋንቋቸውም «ጨብሲ» ይለዋል። በማግሥቱ ደግሞ ለመንቃት ቅጠሉ ያስፈልገዋል። አብዝቶ የሚቅም ሰው ደግሞ ያልተነገረውን እስከ መስማትና ሁሉን እስከ መጠርጠር ሊደርስ ይችላል። የፈተና ሰሞን ከጀመሩት ብዙዎቹ ለአንድ ሳምንት ብቻ ብለው የጀመሩ ናቸው።

ምግብን በተመለከተ ብዙ አንናገርም። የግቢ ካፌ ሽሮ ያላማረረው ተማሪ የለም፤ ያላማረረ ካለ እርሱን ነው መመርመር። ዋናው ነገር ምግቡ ምን ዓይነት ነው ሳይሆን ተማሪው ወደ ካፌው መሄዱን እንዳያቆም ነው። ከሰው ሸሽቶ በዳቦና በውኃ የሚውል ልጅ የሚያስፈልገው ከዳቦው ይልቅ ሰው ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ፣ ኳስ መጫወት፣ ልብስን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ማጠብ እንኳ ልብን ያቀላል።

ስለ ሴት ልጆቻችን ለብቻ መናገር አለብን። ድብርት ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ግቢ ውስጥ ደግሞ ወንዱ የሌለበት ጭንቀት አለባት። ከላይብረሪ ወደ ዶርም በጨለማ የምትመለስበት መንገድ ያስፈራታል፤ ስለዚህ በጊዜ ትመለሳለች፣ የምታጠናበትም ሰዓት ያጥራል። የሚያስቸግራት ሰው ቢኖር ለቤት ብትናገር «ተመለሽ» ይሏታል ብላ ትፈራለች። ፍርሃቷም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብለናልና። ልጃችን እንዲህ ያለ ነገር ስትነግረን የመጀመሪያው ቃላችን «ምን አድርገሽ ነው?» ከሆነ ሁለተኛ አትነግረንም።

ያለንበትንም ዘመን እናስብ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በብዙ ግቢዎች በብሔር ስም በተነሣ ጠብ ተማሪ ሞቷል፣ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ሸሽተዋል። በዚያው ዓመት መጋቢት በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት በተነሣበት በትግራይ ትምህርት ከሁለት ዓመት በላይ ተቋረጠ። በአማራና በሌሎችም አካባቢዎች በጦርነት የተነካ ግቢ፣ የተነካ ቤተሰብ ብዙ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጣ። አንዳንዱ የአራት ዓመት ትምህርት በሰባትና በስምንት ዓመት የጨረሰ ነው። ወንድሙን የቀበረ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ዐይኑ ከሰሌዳው ላይ ቢጠፋ መምህሩ «ትኩረት የለውም» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። በሌሊት የሚጮኽ፣ በበር መንኳኳት የሚደነግጥ ልጅ ከዶርም ጓደኞቹ መካከል ሊኖር እንደሚችል ተማሪዎቻችን ሊያውቁ ይገባል።

እንግዲህ መቼ ነው «ይህ መናፈቅ አይደለም፣ ይህ ሕመም ነው» የምንለው? ሐኪሞች ለድብርት የሚሰጡት አንድ ልክ አለ። የልብ መክበዱ፣ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ደስ አለማለቱ፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባቱ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል ለሁለት ሳምንት ከቆየ፣ ሥራውንም ካሰናከለው መታየት አለበት። ነገር ግን ተማሪው «ድብርት ይዞኛል» ብሎ አይመጣም። «ጨጓራዬ ነው» ይላል። «ራሴን ይከብደኛል፣ ውስጤ ይቃጠላል፣ ልቤ ይመታል» ይላል። በአገራችን ሐዘን በሆድና በራስ ነው የሚናገረው። የጨጓራ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ወስዶ ያልተሻለው ተማሪ ካለ ስለ ሆዱ ብቻ ሳይሆን ስለ ልቡም እንጠይቀው።

ከድብርት የሚለዩ ሌሎች ሕመሞችም በዚሁ ዕድሜ ይጀምራሉ። በዕድሜ ዘመን ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች የሚበዙት ከ25 ዓመት በፊት የሚጀምሩ ናቸው። የዶርም ጓደኞቹ ሊመርዙት እንደሚፈልጉ የሚናገር፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ መታጠብና መናገር የተወ ተማሪ አለ። ወገኖቻችን በተለይ እንዲያስተውሉት የምንፈልገው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ልጁ አራትና አምስት ሌሊት ሳይተኛ ያድራል፤ ግን አይደክመውም። ቃሉ ይፈጥናል፣ ያለውን ገንዘብ ለሰው ያድላል፣ ታላቅ ተልእኮ እንደ ተሰጠው ይናገራል፣ ዶርም ለዶርም እየዞረ ሌሊት ይሰብካል። ይህን ያዩ አንዳንድ ወገኖች «እሳት ወረደበት» ብለው አመስግነዋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ በጥበቃዎች ተይዞ ሲወሰድ ወይም በከባድ ድብርት ውስጥ ሲወድቅ ደግሞ «ወደ ኋላ ተመለሰ» ይሉታል። ሁለቱም የአንድ ሕመም ሁለት ፊት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሕክምናም ይያዛል። የሚጸልይ ሰው ይተኛል። ያለ እንቅልፍ አምስት ሌሊት የቆመ ልጅ ካያችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት።

«ወደየት እናድርሰው?» ለሚለው መልሱ ከድሮው ይልቅ ዛሬ ቀርቧል። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሩ የነበረ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ስሙም በሰው አፍ መሳለቂያ እስኪሆን ደርሶ ነበር። በ1979 ዓ.ም. አካባቢ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በአገር ውስጥ መሠልጠን ጀመሩ፤ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎችም ተበተኑ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ዛሬ በብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በግቢው ውስጥም የተማሪዎች ክሊኒክ አለ፤ በብዙዎቹም የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ቢሮ አለ። ቢሮው አንዳንድ ጊዜ ሰው የማይገባበት ከመሆኑ የተነሣ ቁልፉን የያዘው ሰው ሊጠፋ ይችላል፤ ቢሆንም ተማሪው ይሂድ፤ ሁለተኛ ጊዜም ይሂድ።

ስለ መድኃኒቱም የሚወራውን እናርም። ለድብርት የሚታዘዘው መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓት አይሠራም፤ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው የሚተዉት በዚያ መካከል ነው። ሱስ አያስይዝም፤ ነገር ግን ሐኪም ሳያውቅ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም። መለስተኛ ለሆነ ድብርት ከሠለጠነ ሰው ጋር በተከታታይ መነጋገር ብቻውን ይበቃ ይሆናል። «እብድ» የሚለው ቃል፣ «ነካ ያደርገዋል» የሚለው ሹክሹክታ፣ «ጨርቁን ጣለ» የሚለው ቀልድ ከሕመሙ ይልቅ ሰውን ከሐኪም በር ያርቃል። በቤታችን ስንናገር ልጆች ይሰሙናል፤ አንድ ቀን እነርሱ ሲታመሙም ያንኑ ቃል ያስታውሳሉ።

ቤተሰብ ልጁን መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ጸሎት ወይም ወደ ጸበል እንደ ሆነ እናውቃለን። ሰው በጭንቁ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር መጮኹን ማንም አይነቅፍም። የምንቃወመው አንድ ነገር ነው፤ «እምነት ካለህ መድኃኒቱን ጣል» የሚለውን። ክኒኑን ጥሎ ሕመሙ የተመለሰበት ልጅ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ በሕመሙ፣ ሁለተኛም እምነት የለኝም በሚል ክስ። የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 አንብቡት። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ በመጀመሪያ የመጣለት ተግሣጽ አልነበረም። እንቅልፍ መጣለት፤ ቀጥሎ እንጀራና ውኃ፤ ደግሞ እንቅልፍ፤ ደግሞ እንጀራ። «ምን ታደርጋለህ» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ አርባ ቀን ከተጓዘ በኋላ ነው።

ሞትን ስለ መመኘት ካነሣን አይቀር ዝም ማለት አይገባንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በዓመት ከ720,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድም ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነው። ብዙ ሰዎች ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ማስተማር ይመስላቸዋል። አይደለም። «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙውን ጊዜ የተጠየቀው ሰው ይቀለዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተው። አብሮት የሚያድር ሰው ይኑር፤ የሚጎዳበት ነገር፣ መድኃኒትም ሆነ መርዝ፣ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። «ማንም እንዳይሰማ» ብሎ ቢያስምለን መሐላውን አንቀበለው። ዕቃውን ለጓደኞቹ የሚያካፍል፣ ሳይጠየቅ ይቅርታ የሚለምን፣ ከከባድ ሐዘን በኋላ በድንገት የተረጋጋ ልጅም ካያችሁ ጠይቁት።

በመጨረሻ ስለ ገንዘቡ፤ ይህ እናንተን ይመለከታልና። ትምህርቱን የማይችልበት ሁኔታ ላይ የደረሰ ተማሪ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እየታመመ ፈተና ላይ ተቀምጦ ኤፍ መሰብሰብና በዲስሚሳል መባረር ነው። ሁለተኛው በሕመም ምክንያት ለጊዜው ትምህርቱን አቋርጦ፣ ታክሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት መመለስ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ደንብ አላቸው፤ ነገር ግን ማመልከቻው በጊዜው መግባት፣ የሐኪም ማስረጃም መያያዝ አለበት። ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ወረቀት ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። ብዙ ልጆች ሁለተኛውን መንገድ የማይመርጡት ቤት መመለስን ስለሚያፍሩ፣ የሚረዳቸው ሰው ገንዘቡን ያቋርጥብኛል ብለውም ስለሚፈሩ ነው። ስለዚህ የምትረዱት ተማሪ ካለ አሁኑኑ፣ ጤነኛ ሳለ፣ «ብትታመምና ዓመቱን ብታቋርጥ እርዳታዬ አይቋረጥም» ብላችሁ ንገሩት። ሲታመም ለመናገር አቅም አይኖረውም፤ አስቀድሞ የሰማው ከሆነ ግን ይደውላል።

ከአቋረጠ በኋላ ቤት የሚቆይበት ዓመትም ወጪ አለው። በየወሩ ወደ ሆስፒታል የሚመላለስበት መጓጓዣ ከመድኃኒቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ወረዳው ሩቅ ከሆነ የአንድ ሌሊት ማደሪያም ያስፈልጋል። አብሮት የሚሄድ ወንድም ወይም እኅት ሥራ ይፈታል። እነዚህን ወጪዎች ለመሸፈን የሚፈልግ ሰው ዛሬ ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ስሙን ያስመዝግብ። የሐኪም ማስረጃውንና የዩኒቨርሲቲውን የማቋረጫ ፈቃድ ሁለት ሁለት ቅጂ አድርጎ አንዱን ቤት፣ አንዱን እኛ ዘንድ ማስቀመጥ እንደሚገባም ለምታውቋቸው ቤተሰቦች ንገሩ፤ በሚመለስበት ጊዜ ሬጅስትራር መስኮት ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው።